«ፋይሉን ላኩላቸው፤ ማንም አልተጠቀመበትም»

ጥያቄ፦

«የሳይንስ መምህርት ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ተማሪዎቼ አራት አራት እየሆኑ በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጻፉ እንዲማሩ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ትርምስ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያጠፋዋል። ጎበዙ ሁሉንም ይሠራል፤ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ያስገባሉ። ቀስ በቀስ ግን መንገዱን አገኘሁት። አሁን ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ ይጽፋሉ፤ ይጠያየቃሉ። ይህን ያዩ ባልደረቦቼ "እስቲ ለእኛም አካፍይን" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ስላይዶቹን፣ ባዶ ሰነዶቹን፣ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አድርጌ በግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። ብዙዎቹ የአውራ ጣት ምልክት አደረጉ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው። የሞከረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም "አልሠራልኝም፤ ያንቺ ተማሪዎች ይለያሉ" አለኝ። በጣም ከፋኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የእነሱ? ሌላ መምህር በእርግጥ የሚጠቀምበትን ነገር እንዴት ነው የማካፍለው? ወይስ ዝም ብዬ የራሴን ክፍል ላስተምር?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከፋኝ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ሁለቴም ቆም አልኩ። ሰው የለፋበትን ነገር በነፃ ሰጥቶ ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጣ ያማል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አይ፣ ዝም ብለው የራስዎን ክፍል ብቻ አያስተምሩ። የያዙት ነገር ትልቅ ነው። ጥፋቱም የእርስዎ ወይም የእነሱ አይመስለኝም። የተላከው ነገር ነው ቦታውን የሳተው።

እስቲ ልብ ይበሉ። ባልደረቦችዎ «አካፍይን» ያሉት ያዩትን ነገር ነው። ያዩት ደግሞ ዝም ይል የነበረ ልጅ ሲጽፍ ነው። እርስዎ የላኩላቸው ያ ልጅ የጻፈበትን ባዶ ገጽ ነው። ልጁን ያስጻፈው ነገር ገጹ ላይ የለም። እሱ ያለው እርስዎ ጋ ነው፤ በሁለት ዓመት ትርምስ ተምረውት አሁን ሳያስቡት በሚያደርጉት ነገር ውስጥ።

እኔም ሳስተምር በነበረበት ጊዜ ይኸው ደርሶብኛል። ተማሪዎቼ በጋራ የሚሞሉት አንድ ሰንጠረዥ ነበረኝ። በጣም ነበር የምወደው። አንዲት ባልደረባዬ ጠየቀችኝና ሊንኩን ላኩላት። በሳምንቱ ስንገናኝ ፊቷ ልክ አልነበረም። ለካ ክፍሉን በሙሉ፣ አርባውንም ልጅ፣ አንድ ሰነድ ላይ ለቃቸዋለች። ሁሉም በአንዴ ሲጽፉ ገጹ ይዘልላል። ልጁ የሚጽፍበት መስመር ከዓይኑ ሥር ወደ ታች ይሸሻል። በመሃል አንዱ ሁሉንም መርጦ አጠፋው። ጩኸት ሆነ፣ ሳቅ ሆነ፣ ክፍለ ጊዜው አለቀ። እኔ ሁልጊዜ አራት አራት ነበር የማደርጋቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድንም የራሱ ሰነድ ነበረው። ይህን አልነገርኳትም። ደብቄ አይደለም። መነገር ያለበት ነገር መሆኑ ራሱ አልታየኝም። የጠፋ ጽሑፍ ከሰነዱ ታሪክ ውስጥ በጥቂት ክሊክ እንደሚመለስም አልነገርኳትም። እሷ የልጆቹ ሥራ እስከ መጨረሻው የጠፋ መስሏት ደንግጣ ነበር። ያ ድንጋጤዋ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ይህ ነው። የሚሠራለት ሰው ለምን እንደሚሠራለት ብዙ ጊዜ መናገር አይችልም። እጁ ያውቀዋል፣ አፉ አያውቀውም። እርስዎም «ቀስ በቀስ መንገዱን አገኘሁት» ብለው በአንድ አረፍተ ነገር አልፈውታል። ባልደረቦችዎ የሚፈልጉት ግን ያቺን «ቀስ በቀስ» ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ሌላው የእሱ ዝርዝር ነው። አንዷን ክፍለ ጊዜ መርጠው ይጻፏት። ምን ችግር ገጥሞዎት እንደጀመሩ፣ ለልጆቹ ምን ብለው እንዳዘዙ፣ የት እንደተበላሸ፣ ምን እንደለወጡ፣ ለምን እንደለወጡ። አንድ ገጽ ይበቃል። ፎልደሩ ከዚያ ገጽ ሥር ይገባል፤ ብቻውን አይላክም።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። በጋራ የሚጻፍ ድረ ገጽ ራሱ የተወለደው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር የመጀመሪያውን ዊኪ ለሕዝብ የከፈተው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። «ዊኪ» በሃዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። ያኔ ያስቸገረው ነገር የእርስዎን ይመስላል። ፕሮግራመሮች አንዱን ችግር እያንዳንዳቸው በየጓዳቸው ይፈቱታል፤ መፍትሔው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። የተጠናቀቀ ፕሮግራም ቢሰጣጡም አይጠቅም፤ የሌላ ሰው ችግር የተፈታበት ነውና። ስለዚህ ማንም ከፍቶ ማንም የሚያርመው ገጽ ሠራላቸው። እዚያ ላይ የሚጽፉት ያለቀውን ሥራ ሳይሆን ልምዱን ነበር፤ ችግሩ ይህ ነው፣ የሚያጋጥመው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው፣ እኛ እንዲህ ፈታነው፣ ይህን አተረፈልን፣ ይህን አጎደለብን።

ይህን አጻጻፍ ያገኙት ደግሞ ከአንድ አርክቴክት ነው። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ከባልደረቦቹ ጋር በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ቤትና ስለ ከተማ አሠራር 253 እንዲህ ያሉ ልምዶችን ጽፎ አሳትሟል። እያንዳንዱ ልምድ የሚጀምረው ደጋግሞ ከሚያጋጥም ችግር ነው። ቀጥሎ የመፍትሔው እምብርት ይነገራል። ዝርዝሩ ለአንባቢው ይተዋል። ያነበበው ሰው በራሱ ቦታ፣ በራሱ መንገድ ይሠራዋል፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ባይሠራም ችግሩ ይፈታል። ለመምህራን ከዚህ የተሻለ የማካፈያ መንገድ አላውቅም። ሁለት ክፍሎች አንድ አይሆኑማ።

አሁን ወደ ገጽዎ እንምጣ። እርስዎን ሆኜ ልሞክረው። ክፍልዎን ስላላየሁት ብሳሳት ያርሙኝ።

«የገጠመኝ ችግር፦ የቡድን ሥራ ስሰጥ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስቱ ያያሉ። እንዲህ አደረግኩ። አራት ልጆች፣ አንድ ሰነድ። ሰነዱ ላይ የአራቱም ስም አስቀድሞ ተጽፏል፤ ከየስሙ ሥር ባዶ ቦታ አለ። ጥያቄው "በረዶ ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል?" የሚል ነው። መጀመሪያ ስድስት ደቂቃ ሁሉም በየስሙ ሥር ይጽፋል፤ የጓደኛውን አይነካም። ያልኳቸው ቃል በቃል ይህ ነው፦ "ልክ ስለመሆኑ አትጨነቁ፤ አሁን የምታስቡትን ጻፉ።" ቀጥሎ አምስት ደቂቃ እያንዳንዱ ከሱ ቀጥሎ ባለው ልጅ ጽሑፍ ላይ አንድ ኮሜንት ይተዋል። ኮሜንቱ ጥያቄ መሆን አለበት። ከዚያ አሥር ደቂቃ አራቱ አንድ አንቀጽ አብረው ይጽፋሉ። የተበላሸው የት ነው? መጀመሪያ "ኮሜንት ስጡ" ብቻ ነበር ያልኳቸው። ሁሉም "ጎበዝ"፣ "አሪፍ ነው" ብለው አለፉ። በሚቀጥለው ጊዜ "የጥያቄ ምልክት የሌለው ኮሜንት አልቆጥርም" አልኩ። ለውጡ የመጣው ያኔ ነው።»

በቃ። ይህን ያነበበ መምህር ነገ ክፍል ይዞት ሊገባ ይችላል። የጥያቄ ምልክቷን ብቻ ይመልከቷት። አንድ ልጅ «በረዶ ቀላል ስለሆነ ነው» ብሎ ጽፏል እንበል። አብዛኛው ልጅ እንዲህ ነው የሚለው። ጓደኛው «ጎበዝ» ብሎ ቢያልፈው ነገሩ እዚያው ሞተ። «ትልቅ የበረዶ ግግር ከጠጠር ይከብዳል፤ ታዲያ ጠጠሩ ለምን ይሰምጣል?» ብሎ ከጠየቀው ግን ልጁ ይጨነቃል። ቀላልና ከባድ ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ያያል። በመጨረሻው አሥር ደቂቃ አራቱ ተጋግዘው ወደ እፍጋት ይደርሳሉ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ እኩል መጠን ያለው በረዶ ከውሃው ይቀላል። ልጁን እዚህ ያደረሰው ሰነዱ አይደለም፤ አንዲት የጥያቄ ምልክት ናት። እሷ ደግሞ ፎልደርዎ ውስጥ አልነበረችም።

አንድ ነገር ላስምርበት። የተበላሸውን ሳይጽፉ አይለፉ። ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ባልደረባ ፊት «ይህ አልሆነልኝም» ማለት ለብዙ መምህር ሞት ነው። ነገር ግን አንባቢው በእርስዎ የሚተማመነው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ነው። ሁሉም ነገር የተሳካበት ጽሑፍ ማስታወቂያ ይመስላል። የተበላሸበት ቦታ የተጻፈበት ግን ካርታ ነው፤ ጉድጓዱ የት እንዳለ ያሳያል። ያ የሥራ ባልደረባዎ «አልሠራልኝም» ሲል ምናልባት እርስዎ በመጀመሪያው ወር የወደቁበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የወደቀው። እርስዎም እዚያ ወድቀው እንደነበር ቢያውቅ ኖሮ «ያንቺ ተማሪዎች ይለያሉ» አይልም ነበር።

ቀጥሎ «ለምን» የሚለውን አንድ ሁለት መስመር ይጨምሩ። ሌላው መምህር ክፍሉ ስለሚለይ የሆነ ነገር መለወጡ አይቀርም። የቱን ቢለውጥ ነገሩ እንደሚፈርስ፣ የቱን ቢለውጥ ምንም እንደማይሆን የሚያውቀው ምክንያቱን ካወቀ ነው። ለምሳሌ በየስሙ ሥር መጻፍ ለምን አስፈለገ? ይህን የሚያስረዳ የቆየ ጥናት አለ። ማክስ ሪንጌልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ለብቻቸውና በቡድን ገመድ አስጎትቷል። ውጤቱ የታተመው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ቡድኑ በተለቀ ቁጥር የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት ቀንሶ ተገኘ። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላታኔ፣ ዊሊያምስና ሃርኪንስ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን አስጨብጭበውና አስጩኸው ያንኑ አዩ። ሰው ብዙ በሆነ ቁጥር የእያንዳንዱ ጩኸት ይቀንሳል። ሰነፍ ስለሆኑ እንዳይመስልዎት። በኋላ በተደረገው ጥናት የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ እንደሚታወቅ ሲነገራቸው መለገሙ ይቀንሳል። ከየስሙ ሥር ያለው ባዶ ቦታ የሚሠራው ይህንን ነው። ያንን የሚያውቅ መምህር በበረዶ ፋንታ ግጥም ቢያስተምር፣ በአራት ፋንታ ሦስት ቢያደርጋቸው ግድ የለም። ስሞቹን ካነሳ ግን ነገሩ ይፈርሳል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው። ግን ድሩ አጠገብ ላጠገብ ስለተቀመጠ አያብርም። እያንዳንዱ ክር የሚይዘው ነገር ሊኖረው ይገባል። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ነገር ኢንተርኔት ሳይኖር በፊት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኦስቲን ትምህርት ቤቶች ሠርቶበታል። ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ። የሌላው ቁራጭ ሳይኖር ማንም ትምህርቱን ሊያሟላው አይችልም። ስለዚህ ልጆቹ ሳይወዱ በግድ ይደማመጣሉ። የጋራ ሰነድ ለዚህ ዘዴ በጣም ይመቻል፤ ግን ዘዴው ከሌለ ሰነዱ ባዶ ወረቀት ነው። ከዚህ ቀደም አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር «ይህን ተጠቀሙ» እየተባለ ሲታደል አይቻለሁ። መሣሪያው ያረጃል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ይዘጋል። ዘዴው ይቆያል። ገጽዎን ሲጽፉ የመሣሪያው ስም አንድ ቦታ ቢጠራ ይበቃል።

ቴክኒኩን በአጭሩ ልበል፤ ሆኖም ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ነውና ጠቃሚ ነው። ጎግል ዶክስ የሚጠቀሙ ከሆነ ለባልደረቦችዎ የሚልኩትን ሊንክ መጨረሻ ይመልከቱ። በእንግሊዝኛ «ኤዲት» የሚለውን ቃል «ኮፒ» በሚለው ቢተኩት፣ የተቀበለው ሰው ሲከፍተው የራሱን ቅጂ እንዲያወጣ ይጠይቀዋል። እንዲያ ካልሆነ ሁሉም በእርስዎ ዋና ሰነድ ላይ ይጽፉበታል፤ ወይም «ፈቃድ ስጪኝ» የሚል መልእክት ሲያጥለቀልቅዎት ይውላል። ቅጂ ሲወጣ የሰነዱ ታሪክ አብሮ እንደማይሄድም ይወቁ። ስለዚህ «እንዴት እንደተጻፈ እይ» ብለው ማሳየት የሚፈልጉት የተማሪ ሥራ ካለ ቅጂው አይጠቅምም። አጠገብ ቁጭ ብሎ ከዋናው ላይ ማሳየት ነው።

የሰነዱን ታሪክ ማየት መቻል ደግሞ ለመምህር ትልቅ ስጦታ ነው። ማን መቼ ምን እንደጻፈ በየቀለሙ ይታያል። አንድ የቡድን አሳይመንት ስከፍት ያየሁትን አልረሳውም። ጽሑፉ ያማረ ነበር። ታሪኩን ወደ ኋላ ሳየው ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ ቀለም ነው፤ በማስረከቢያው ዋዜማ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት። የሁለተኛው ልጅ ቀለም አንድ ነጠላ ሰረዝ ላይ ብቻ አለ። ሦስተኛው ርዕሱን አድምቆታል። አራተኛው የለም። ይህን ያየሁት ለመቅጣት አልነበረም፤ አሠራሬን ለመለወጥ ነው የረዳኝ። ቤት ይዘው ይሄዱ የነበረውን ሥራ ክፍል ውስጥ በደቂቃ ከፍዬ ማሠራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ግን የሚሆነው ልጆቹ በየራሳቸው አካውንት ሲገቡ ነው። ሊንኩን ለሁሉም ከፍተው ያለ አካውንት ካስገቧቸው ጎግል በስማቸው ፋንታ የእንስሳ ስም ይሰጣቸዋል። ማን ምን እንደጻፈ አይለይም። አካውንት ማውጣት የማይችሉ ልጆች ካሉ ኤተርፓድ የሚባለው ክፍት መሣሪያ ይሻላል። አካውንት ሳይጠይቅ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ቀለም ይሰጣል፤ ስሙን ግን ልጁ ራሱ ማስገባት አለበት። ሙድል የሚባለውን የኢንተርኔት ማስተማሪያ መድረክ የሚጠቀሙ ደግሞ በውስጡ ዊኪ አለላቸው፤ የሚያዩትም የየገጹን ታሪክ ነው።

ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካነሰ ለሁለት ልጅ አንድ ይሁን። አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይጻፍ፤ በየአምስት ደቂቃው ይቀያየሩ። ይህንንም ከሞከሩት ገጽዎ ላይ ይጻፉት። ብዙ መምህር «እኔ ጋ መሣሪያ የለም» ብሎ የሚተወው ይህ ስላልተነገረው ነው።

የተማሪ ሥራ ለባልደረባ ሲያሳዩ ስሙን ያንሱ። ቅጂው ላይ «ተማሪ ሀ»፣ «ተማሪ ለ» ይበሉት። ኮሜንቶቹ ላይ የሚታየውን ስምና ፎቶም አይርሱ፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን አጽድቶ ኮሜንቱን ይረሳል። የልጁ ስህተት ለመምህራን ትምህርት ነው፤ ለልጁ ግን ሊያሳፍረው ይችላል። በተረፈ ገጽዎን ሌሎች እንዲለውጡት ከፈለጉ ይህን በግልጽ ይጻፉበት። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ነው ያሉት። «ስሜን ጠቅሰህ እንደፈለግህ ለውጠው» የሚለው ቀላሉ ነው። ፈቃድ ያልተጻፈበትን ነገር ጨዋ ሰው ለመንካት ያመነታል።

አሁን ስለ አላላኩ። ግሩፕ ላይ መልቀቅ ይብቃ። የአውራ ጣት ምልክት «አየሁት» ማለት ነው እንጂ «እሠራበታለሁ» ማለት አይደለም። ይህን በመጥፎ አይውሰዱባቸው። መምህር ክፍለ ጊዜው ተደራርቦበት፣ የሚታረም ወረቀት ተቆልሎበት የሃያ ፋይል ፎልደር አይከፍትም። አንድ ገጽ ለአንድ ሰው ይላኩ። «ያ ዝም የሚለውን ልጅ ነግረኸኝ አልነበር? ይህን ለሱ ሞክርለት» ብለው ይላኩለት። የሌላውን ችግር ከያዘ የሚከፈተው ያኔ ነው።

ገጹንም ክፍት ያድርጉት። ከሥሩ «ሞክራችሁት ከሆነ ምን ገጠማችሁ?» የሚል ቦታ ይተዉ። ሦስት መምህራን ሦስት መስመር ቢጽፉበት ገጹ የእርስዎ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ያን ጊዜ ነው የሚጠቀሙበት። ሰው የራሱ እጅ ያረፈበትን ነገር አይጥልም። ልጆቹን ያስተማሯቸው ይኸው አይደል? መምህራኑም እንደዚያው ናቸው። እርስዎ ስላይድ ልከው እነሱ እንዲቀበሉ ከጠበቁ፣ ሦስቱ የሚያዩ አንዱ የሚጽፍ ቡድን ሆናችሁ ማለት ነው።

ከማን ይጀመር? «አልሠራልኝም» ካለዎት ሰው። እሱ ያስከፋዎት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ከሁሉም የሞከረው እሱ ብቻ ነው። ክፍል ይዞት ገብቷል። ተማሪ ፊት ተበላሽቶበታል። መጥቶም በግልጽ ነግሮዎታል። ሌሎቹ ምልክት አድርገው ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ባልደረባ በቀላሉ አይገኝም።

በዚህ ሳምንት ሃያ ደቂቃ ይለምኑት። ሊያስተምሩት እንዳልሄዱ አስቀድመው ይንገሩት። የእሱን ተማሪዎች ሰነድ ከፍተው ታሪኩን አብራችሁ ወደ ኋላ እዩት። ታሪኩ የሚታየው ሰነዱን ማረም ለሚችል ሰው ብቻ ነውና እሱ በራሱ አካውንት ይክፈተው። «ተማሪዎችህ ምን ችግር አለባቸው?» የሚለውን አይጠይቁት። «የተበላሸው በስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ደቂቃውን ሲያገኙት ያኔ ለልጆቹ ምን ብሏቸው እንደነበር ይጠይቁት። እርስዎ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ ምን እንዳሉ ያስታውሱ። ልዩነቱን ሁለታችሁም ታዩታላችሁ። ምናልባት የእሱ ክፍል እርስዎ ያላሰቡት ነገር ይኖርበት ይሆናል፤ ያም ቢሆን ትርፍ ነው። ያገኛችሁትን እዚያው፣ ከእርስዎ ገጽ ሥር፣ በእሱ ስም፣ እሱ ራሱ ይጻፈው።